የናፍጣ ሞተር ኢንጀክተር ማጠቢያና መፈተሻ መሣሪያ ከአሮጌ ክሪክ አሠራር

መግቢያ

በሲዳማ ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት። ካደረ በልጣጩ ውስጥ መብላላት ይጀምራል፤ ጥራቱም ዋጋውም ይወድቃል። በልዩ ልዩ ጣቢያዎች መፈልፈያውንና የውሃ መሳቢያውን የሚያሽከረክረው የናፍጣ ሞተር ነው። ስለዚህ በለቀማ ወራት ሞተሩ ሲያጨስ ወይም አልነሳ ሲል ጉዳቱ የሚደርሰው በማኅበሩ አባላት ሁሉ ላይ ነው። ለእህል ወፍጮና ለመስኖ ፓምፕም ነገሩ ያው ነው።

ለሞተር ጉልበት መድከም አንዱ ምክንያት የኢንጀክተር መቆሸሽ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ኢንጀክተሩን ፈትቶ ሀዋሳ መሃል ከተማ ወደሚገኙ ጋራዦች መላክ፣ አለዚያም ጫፉን በሽቦ ወግቶ መልሶ መግጠም ነው። የመጀመሪያው የሥራ ቀን ያባክናል፤ ሁለተኛው ኖዝሉን ያበላሻል። በዚህ ጽሑፍ የተገለጸው መሣሪያ ኢንጀክተሩን ከማጠቡም በላይ የታጠበው በትክክል መሥራቱን ያሳያል። ዋናው ጥቅሙም ይኸው ነው፤ ሳይፈተሽ የተገጠመ ኢንጀክተር እንዳልታጠበ ይቆጠራል።

1. የኢንጀክተር ሥራ

በኖዝሉ ውስጥ በስፕሪንግ የተያዘች መርፌ አለች። ከፖምፓ የሚመጣው ናፍጣ ግፊቱ ሲበረታ መርፌዋን ያነሣና እንደ ጉም ሆኖ ወደ ሲሊንደሩ ይረጫል። በመርፌዋና በቤቷ መካከል ያለው ክፍተት ከ2 እስከ 4 ሺህኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቂት አቧራ፣ ውሃ ወይም ጥላሸት ሲገባ መርፌዋ ትነክሳለች። ናፍጣው መረጨቱ ቀርቶ ይንጠባጠባል፤ ሞተሩም ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ይንኳኳል፣ ናፍጣ ይፈጃል።

2. ከመፍታት በፊት መታየት የሚገባቸው

ሀ. የአየር ማጣሪያው መታፈኑ፤
ለ. የናፍጣ ማጣሪያው ማርጀቱና በጋኑ ሥር ውሃ መኖሩ፤
ሐ. የሞተሩ ጭነት። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ሞተር ከፋብሪካ በተጻፈለት ሙሉ ጉልበት እንዲሠራ ሲገደድ ኢንጀክተሩ ደኅና ሆኖም ሊያጨስ ይችላል።

ባለ ብዙ ሲሊንደር ሞተር ከሆነ በቀስታ እየሠራ ሳለ የየኢንጀክተሩ ቱቦ ዳዶ በጨርቅ ተሸፍኖ በየተራ ጥቂት ይላላል። የሞተሩ ድምፅ ያልተለወጠበት ሲሊንደር ችግር ያለበት ነው።

3. አስፈላጊ ዕቃዎች

• ባለ 5 ቶን የዘይት ክሪክ፣ ፓምፑ ያልደከመ፤
• በቶርኖ የተሠራ የብረት መክደኛ ከነዳዶው፤
• ናፍጣ የሚችል የጎማ ቀለበት፤
• እስከ 400 ባር የሚያነብ የግፊት መለኪያ፤
• ከሞተር የወጣ የኢንጀክተር ብረት ቱቦ፤ የጎማ ቱቦ ወይም በቆርቆሮ የተበየደ መዳብ አይሆንም፤
• ብርሃን የሚያሳልፍ ባለ ክዳን የፕላስቲክ ዕቃ፤
• ሞርሳ፣ የናስ ብሩሽ፣ የእንጨት ስንጥር፣ ንጹሕ ናፍጣ።

4. አሠራር

ክሪክ የተመረጠው እጀታ፣ አነስተኛ ፓምፕ፣ ግፊት የሚይዙ ቫልቮችና መልቀቂያ ብሎን ስላሉት ነው። የዋናው ፒስተን ዲያሜትር 30 ሚሊ ሜትር ከሆነ የፊቱ ስፋት 7 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 5,000 ኪሎ ግራም ለ7 ሲካፈል 700 ይሆናል፤ ይኸውም ወደ 700 ባር ነው። ለኢንጀክተር የሚያስፈልገው ግን ከ250 ባር አይበልጥም።

ዘይቱ ተደፍቶ ክሪኩ በናፍጣ ይታጠባል። ዋናው ፒስተን ወጥቶ በቦታው መክደኛው ከጎማ ቀለበቱ ጋር ይገባል፤ በዳዶውም ይጠብቃል። በመክደኛው መካከል ባለው ቀዳዳ ግፊት መለኪያውና ቱቦው በቲ ቅርጽ መጋጠሚያ ይያያዛሉ። በ300 ባር መክደኛውን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 2,100 ኪሎ ግራም ስለሚደርስ መክደኛው በሙሉ ጥርስ መያዝ አለበት፤ በብየዳ ብቻ ማያያዝ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ክሪኩ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ታስሮ በተጣራ ናፍጣ ይሞላል። አየሩ እስኪወጣ ይረገጣል። ከዚያም የቱቦው ጫፍ በብረት ታፍኖ ግፊቱ 300 ባር ድረስ ከፍ ይደረግና ለአንድ ደቂቃ ከርቀት ይታያል። የሚያላብ መጋጠሚያ ካለ ግፊቱ ተለቆ ይስተካከላል።

5. ጥንቃቄ

ከኖዝል የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ጓንት አያስጥልም። ቁስሉ የመርፌ ያህል ትንሽ ቢመስልና ባያምም እንኳ ሰውየው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ መዘግየት ጣት ወይም እጅ እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። ስለዚህ እጅ ከኖዝሉ ፊት አይደረግም፤ ኢንጀክተሩ ምንጊዜም በተከደነው ዕቃ ውስጥ ወደ ታች ይረጫል። የዓይን መከላከያ ይደረጋል። ጉሙ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ሲጋራና እሳት አይቀርብም፤ ሥራውም አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይከናወናል።

6. አስተጣጠብ

ኢንጀክተሩ በውጭ በኩል በናስ ብሩሽና በናፍጣ ይጸዳል። በሞርሳ ተይዞ በመጀመሪያ የስፕሪንጉ ማስተካከያ ይላላል፤ ቀጥሎ የኖዝሉ ዳዶ ይፈታል። መርፌዋና ቤቷ አብረው የተሠሩ ጥንድ ስለሆኑ ከሌላ ኢንጀክተር ጋር ማቀያየር አይገባም፤ ስለዚህ በየተራ አንድ ብቻ ይፈታል። ክፍሎቹ በንጹሕ ናፍጣ ተዘፍዝፈው ካደሩ በኋላ ጥላሸቱ በእንጨት ስንጥር ይለቃል። የብርጭቆ ወረቀት፣ ቢላዋና ተራ ሽቦ አይነኩትም። በጨርቅ ሳይጠረጉ እንደገና በናፍጣ ታጥበው እንደ ረጠቡ ይገጣጠማሉ።

ከመገጠሙ በፊት መርፌዋ ከቤቷ አንድ ሦስተኛ ተስባ ስትለቀቅ በራሷ ክብደት መንሸራተት አለባት። ከነከሰች እንደገና ትታጠባለች።

7. ፍተሻ

ሀ. የመክፈቻ ግፊት፦ እጀታው በዝግታ ሲረገጥ ኖዝሉ የሚከፈትበት ግፊት ይነበባል። ባለ አንድ ቀዳዳ ፒን ኖዝል አብዛኛውን ጊዜ ከ120 እስከ 150 ባር፣ ባለ ብዙ ቀዳዳ ከ175 እስከ 250 ባር ይከፈታል። ትክክለኛው ልክ ግን በሞተሩ መመሪያ የተጻፈው ነው፤ በማስተካከያው ብሎን ወይም ዋሸር ወደዚያ ይመጣል።

ለ. መንጠባጠብ፦ ከመክፈቻው 20 ባር ዝቅ ባለ ግፊት ለ10 ሴኮንድ ሲያዝ ከጫፉ ጠብታ መውደቅ የለበትም።

ሐ. አረጫጨት፦ ከየቀዳዳው እኩል ጉም መውጣት አለበት። ቀጭን ወራጅ ወይም ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ርጭት ጉድለት ነው።

ሦስቱንም ያለፈ በአዲስ የመዳብ ዋሸር ይገጠማል። ሁለት ጊዜ ታጥቦ አሁንም የሚንጠባጠብ ኖዝል ያለቀ ነውና ይለወጥ፤ ደጋግሞ ማጠብ አያድነውም።

8. የመሣሪያው ወሰንና የሥራ ጊዜ

መሣሪያው ለቀድሞ ዓይነት ሜካኒካል ኢንጀክተሮች ብቻ ነው። ከ1,000 ባር በላይ የሚሠሩትንና በኤሌክትሪክ የሚታዘዙትን የአዳዲስ ተሽከርካሪዎች ኢንጀክተሮች ለሙያው ለተዘጋጁ ጋራዦች መተው ያስፈልጋል።

አንድ መሣሪያ ለብዙ ጎረቤት ማኅበራት ሊበቃ ስለሚችል በጋራ ማሠራቱ ወጪ ይቀንሳል። የልማት ሠራተኞች ፍተሻው በመስከረም፣ ማለትም ለቀማው ከመጀመሩ በፊት፣ እንዲጠናቀቅ ቢያስተባብሩና የእያንዳንዱን ኢንጀክተር የመክፈቻ ግፊት በመዝገብ ቢያሰፍሩ በየዓመቱ እየደከመ የሚሄደውን አስቀድሞ ለይቶ መለዋወጫ ማዘጋጀት ይቻላል።