የሁለተኛ ደረጃ የማኅበራዊ ጥናት ትምህርት፦ በሁለት ሀገሮች መካከል የሚያድጉ ልጆች ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ

በመካ መንሱር ሰፈርም ሆነ በጅዳ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጃቸው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲሸጋገር በቅድሚያ የሚያነሡት ሒሳብን፣ ሳይንስንና እንግሊዝኛን ነው። ታሪክ፣ ጂኦግራፊና የዜግነት ትምህርት ግን “ልጁ ራሱ አንብቦ ይወጣዋል” ተብለው ይታለፋሉ። ሆኖም ቤተሰቡ ወደ ሀገር ቤት ለመመለስ በወሰነ ጊዜ ትልቁ ክፍተት የሚገኘው በእነዚሁ ትምህርቶች ላይ ነው። በዐረብኛ የሒሳብ ቀመር የተማረ ልጅ ያንኑ ቀመር በእንግሊዝኛ ሲያገኘው ያውቀዋል። የማኅበራዊ ጥናት ትምህርት ግን በየሀገሩ የሚነሣው ከራሱ መሬት፣ ከራሱ ታሪክና ከራሱ ሕግ ነው። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ ሀገሮች ምን እንደሚሰጥ፣ ክፍተቱ የት እንደሚፈጠርና ቤተሰብ እንዴት ሊሞላው እንደሚችል ያብራራል።

በሳዑዲ ዐረቢያ

የሳዑዲ ዐረቢያ አጠቃላይ ትምህርት 6 ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ፣ 3 ዓመት መካከለኛ ደረጃ (ሙተወሲጥ) እና 3 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ (ሣነዊያ) ተብሎ የተከፈለ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ከ1443 ዓመተ ሂጅራ (2021 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ “መሳራት” የተሰኘው ሥርዓት ሥራ ላይ ውሏል። በዚህ ሥርዓት የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም ተማሪዎች የጋራ ሲሆን፣ የማኅበራዊ ጥናት ትምህርት ከሒሳዊ አስተሳሰብና ከፋይናንስ ዕውቀት ጋር በዚሁ ዓመት ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ተማሪው ከአጠቃላይ፣ ከኮምፒዩተር ሳይንስና ምሕንድስና፣ ከጤናና ሕይወት፣ ከንግድ ሥራ አስተዳደር እና ከሸሪዓ ዘርፎች አንዱን ይይዛል። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ የሚኖረው የታሪክና የጂኦግራፊ ድርሻም እንደ ዘርፉ ይለያያል።

የታሪኩ ማዕከል የመንግሥቱ ምሥረታ ነው። ተማሪው በ1727 እ.ኤ.አ. በዲርዒያ የተመሠረተውን የመጀመሪያውን የሳዑዲ መንግሥት፣ በ1824 የተነሣውን ሁለተኛውን፣ ንጉሥ አብዱልዐዚዝ በ1902 ሪያድን መያዛቸውንና በመስከረም 23 ቀን 1932 እ.ኤ.አ. ሀገሪቱ “የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት” መባሏን ይማራል። ጂኦግራፊው ደግሞ የቲሃማን ጠረፍ፣ የሒጃዝን ተራሮች፣ የሩብዐል ኻሊን በረሓ፣ የውሃና የነዳጅ ሀብትን እንዲሁም የሕዝብ አሰፋፈርን ያስተምራል። በ2022 የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ 32.2 ሚሊዮን ገደማ ነዋሪ የመዘገበ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 41.6 በመቶው የውጭ ሀገር ዜጋ ነው። የስደተኛው ቤተሰብ ልጅ ራሱ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው ማለት ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 8 ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ፣ 2 ዓመት አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃና 2 ዓመት መሰናዶ ነበረው። አዲሱ አደረጃጀት ይህን ወደ 6፣ 2 እና 4 ለውጦታል። በዚህም መሠረት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው በሙሉ ሁለተኛ ደረጃ ነው። በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ማንኛውም ተማሪ ታሪክን፣ ጂኦግራፊን፣ የዜግነት ትምህርትንና ኢኮኖሚክስን ከተፈጥሮ ሳይንስ ጋር ይማራል። 11ኛ ክፍል ሲደርስ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን ይመርጣል። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ዋና ትምህርቶች ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ናቸው። የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ውጤቱ ብዙ ቤተሰቦችን አስደንግጧል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። “ማኅበራዊ ሳይንስ ለደካማ ተማሪ ነው” የሚለው የቆየ አባባል በዚህ ፈተና ፊት የሚቆም አይደለም።

ክፍተቱ የት ይፈጠራል?

በዓመት ቁጥር ሲታይ በሳዑዲ ዐረቢያ የመካከለኛ ደረጃን ሦስተኛ ዓመት ያጠናቀቀ ልጅ 9ኛ ክፍልን ጨርሷል። ወደ ኢትዮጵያ ሲሄድ የሚቀጥለው ከ10ኛ ክፍል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በኢትዮጵያ 9ኛ ክፍል የሁለተኛ ደረጃ መጀመሪያ ነው። የአክሱምና የዛጉዌ ታሪክ፣ የኢትዮጵያ ተፋሰሶችና የአየር ጠባይ፣ የኢኮኖሚክስ መነሻ ሐሳቦች በአብዛኛው ለልጁ አዲስ ይሆኑበታል። ከዚህ በላይ ዘግይቶ፣ ማለትም በ11ኛ ክፍል ማኅበራዊ ሳይንስን መርጦ የሚገባ ልጅ የሁለት ዓመት መሠረት ጎድሎት ይጀምራል።

ሁለተኛው ችግር የዘመን አቆጣጠር ነው። የዐድዋ ድል በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888፣ በጎርጎርዮሳዊው መጋቢት 1 ቀን 1896፣ በሂጅራ ደግሞ ረመዷን 1313 ነው። ሦስቱን ማዛመድ ያልተማረ ልጅ አንዱን ክስተት ሦስት ክስተት አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ሦስተኛው ቃል ነው። በአማርኛ ኬክሮስ የሚባለው በዐረብኛ “ኸጥ አል-ዐርድ”፣ በእንግሊዝኛ ላቲቲዩድ ነው። ልጁ ሐሳቡን እያወቀ ስሙን ባለማወቁ ብቻ ጥያቄ ሊስት ይችላል።

በአካባቢው የሚገኝ ትምህርት

ሁለቱ ሥርዓቶች ግን የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ እርሱም ቀይ ባሕር ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያወሱት በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ ሐበሻ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች በጀልባ የተሳፈሩት ከጅዳ በስተ ደቡብ ካለው ከሹዐይባ ወደብ ነው። ጅዳ የመካ ወደብ የሆነችው በኸሊፋ ዑስማን ዘመን፣ በ647 እ.ኤ.አ. ነው። የነጃሺን ታሪክ በመስጊድ የሰማ ልጅ ስለ አክሱም መንግሥት የሚያነበው ምዕራፍ እንግዳ አይሆንበትም። አሮጌው የጅዳ ከተማ፣ አል-በለድ፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የንግድ ታሪክንም በእግር እየሄዱ ማስተማር የሚቻልበት ስፍራ ነው።

ጂኦግራፊም እንዲሁ ነው። መካ የምትገኘው በሰሜን 21 ዲግሪ ኬክሮስ ገደማ በመሆኑ በግንቦት 20 እና በሐምሌ 9 አካባቢ ፀሐይ በቀትር በካዕባ አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ቀጥ ብሎ የተተከለ ዘንግ በዚያች ቅጽበት በመካ ጥላ አይኖረውም። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ይኸው ነገር የሚታይባት በሌላ ወቅት፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ነው። አንድ ዘንግና አንድ ካርታ የምድርን ዘንበል ማለት ለማስረዳት ይበቃሉ።

ትምህርቱ ሕይወትንም የሚነካ ነው። በኅዳር 16 ቀን 2002 ዓ.ም. (ኖቬምበር 25 ቀን 2009 እ.ኤ.አ.) በጅዳ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ 90 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ጥሎ ከ100 በላይ ሰዎች በጎርፍ ሞተዋል። ጎርፉ የመጣው ከምሥራቅ ተራሮች ወደ ባሕር በሚወርዱት፣ በአብዛኛው ዓመት ደረቅ በሆኑት ዋዲዎች በኩል ነው። ዋዲ ምን እንደሆነ በካርታ ላይ ለይቶ የሚያውቅ ልጅ ዝናብ ሲያስገመግም ቤተሰቡን ከዝቅተኛው መንገድ ሊያርቅ ይችላል።

ወላጆች ምን ያድርጉ?

አስቀድሞ የልጁን ቀጣይ መንገድ መወሰን ያስፈልጋል። በሳዑዲ ዐረቢያ የሚቀጥል ከሆነ ዘርፉ ከመመረጡ በፊት ስለ ታሪክና ጂኦግራፊ ድርሻው ትምህርት ቤቱን መጠየቅ ይገባል። ወደ ኢትዮጵያ የመመለስ ዕድል ካለ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል የታሪክ፣ የጂኦግራፊና የኢኮኖሚክስ መጻሕፍትን አግኝቶ በዕረፍት ወራት አብሮ ማንበብ ይጠቅማል። በጅዳ የሚገኘው የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የኢትዮጵያን ሥርዓተ ትምህርት ስለሚከተል፣ ልጆቻቸው በዚያ የማይማሩ ወላጆችም ስለ መጻሕፍቱ ሊጠይቁ ይችላሉ። የክፍል ማስረጃዎችን በየዓመቱ አሟልቶ ማስቀመጥም ሊዘነጋ አይገባም።

በቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ደብተር በሦስት ዓምድ ከፍሎ ቃላቱን በአማርኛ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ መመዝገብ፣ በሌላ ገጽም ዋና ዋና ክስተቶችን በሦስቱም አቆጣጠር ማስፈር ቀላልና ወጪ የሌለው ሥራ ነው። መጽሐፍ ያልተማሩ ወላጆችም ድርሻ አላቸው። ከየት መንደር እንደመጡ፣ ወንዙ ወዴት እንደሚፈስ፣ በምን ዘመን ምን እንደደረሰ ለልጃቸው ሲነግሩ ታሪክና ጂኦግራፊ እያስተማሩ ነው። ልጁ ያን ሰምቶ በካርታው ላይ ሲያገኘው፣ በፈተና የሚጠየቀው ሀገር የሌላ ሰው ሀገር አይሆንበትም።