ፒክአፕን ዝቅ ከማድረግ በፊት

ከቶጎጫሌ ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ ዳር ጥቂት ጊዜ የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት ፒክአፕ ማየቱ አይቀርም። አንደኛዋ ጭነቷን ተሸክማ፣ ኋላዋ ወደ መሬት አጎንብሶ በዝግታ ትሄዳለች። ሁለተኛዋ ባዶዋን እንደ ፍየል ግልገል እየዘለለች ታልፋለች። ነገሩን ላጣራ ግን ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ሥራ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱን ያመጣው ባሌስትራው ነው። ለጭነት የተሠራ ባሌስትራ ባዶ ሲሆን ይገተራል፤ ሸክም ሲያገኝ ደግሞ ይተኛል።

እንግዲህ ከደመወዙ ቆጥቦ፣ ወይም ከወንድሞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ አሮጌ ፒክአፕ የገዛ አንድ ወጣት አለ እንበል። በሥዕልና በፊልም ያያት ዝቅ ያለች መኪና ዓይኑን ስባዋለች። ወደ ጋራዥ ይሄድና «ጋሼ፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ያድርጉልኝ» ይላል። ሥራ ዐዋቂ መካኒክ የሆነ እንደ ሆነ መፍቻውን ከማንሣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ «ልጄ፣ አምስቱ ሳንቲ ሜትር ከየት ይመጣል?»

ይህ ፋሽን ከሩቅ የመጣ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ የሚኖሩ የሜክሲኮ ተወላጆች ወጣቶች መኪናቸውን ወደ መሬት አስጠግተው በዝግታ መንዳትን እንደ ክብር ቆጠሩት። ቶዮታ ሃይሉክስ እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ መሠራት ከጀመረ በኋላ፣ እንደ እርሱ ያሉት ትናንሽ የጃፓን ፒክአፖችም በዚያው አገር የዚሁ ጌጥ ተካፋዮች ሆኑ። የካሊፎርኒያ መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከጎማው በቀር ማንኛውም የመኪና ክፍል ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች እንዳይወርድ በሕግ ከልክሎ ነበር። ገደቡ እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ተነሥቷል፤ ምክንያቱ ግን ዛሬም ቢሆን የሚያስተምር ነው። ጎማ በድንገት ቢፈነዳ መሬቱን መንካት ያለበት ቸርኬው እንጂ ሻንሲው ወይም የመሪው ዘንግ አይደለም።

አሁን ወደ መካኒኩ ጥያቄ እንመለስ። የኋላው ባሌስትራ ከአክስሉ በታች የታሰረ ከሆነ፣ በመካከላቸው የብረት ድፍን ሲገባ መኪናዪቱ ዝቅ ትላለች። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ከሆነ ግን ያው ድፍን ብረት መኪናዪቱን ከፍ ያደርጋታል እንጂ አያወርዳትም። እርሷን ለማውረድ አክስሉን ከባሌስትራው በላይ ማዛወር ያስፈልጋል፤ ይህም በአንድ ጊዜ ብዙ ስለሚያወርዳት አክስሉ ወደ ሻንሲው ይጠጋል። በሁለቱም መንገድ አክስሉን የሚያስሩት ጎባጣ ብሎኖች በልካቸው መለወጥ አለባቸው። ባሌስትራን በእሳት አግሎ ማስተኛት ግን ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋልና።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ባዶዋን በቆመች ፒክአፕ ላይ ከአክስሉ እስከ ሻንሲው ላስቲክ ድረስ፣ ማለት የመጨረሻውን ምት እስከሚቀበለው ጎማ ድረስ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ይገኛል እንበል። ጭነት ሲጨመርባት 6 ሳንቲ ሜትር ትተኛለች፤ 4 ይቀራል። ያ 4 ሳንቲ ሜትር ለጉድጓድ የተቀመጠ ስንቅ ነው። ወጣታችን 5 ሳንቲ ሜትር ካወረዳት ስንቁ አልቆ 1 ሳንቲ ሜትር ዕዳ ሆነ ማለት ነው። ገና ሳትነሣ አክስሉ ላስቲኩን ተደግፎ ይቀመጣል፤ በመጀመሪያው ጉድጓድም ምቱ በቀጥታ ወደ ሻንሲው ይደርሳል።

ከዚህ የከፋ፣ ግን ለዓይን የማይታይ ጉዳት ደግሞ አለ። በብዙ ፒክአፖች ላይ ከኋላው አክስል ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘ የፍሬን መቆጣጠሪያ ይገኛል። ሥራውም በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ያለውን ርቀት አይቶ የጭነቱን መጠን መገመት ነው። ርቀቱ ሲጠብብ «ተጭናለች» ብሎ ለኋላ ጎማዎች ብርቱ ፍሬን ይለቅላቸዋል። ዝቅ የተደረገች ባዶ መኪና ይህን መቆጣጠሪያ ታታልለዋለች። ከጅግጅጋ ወደ ሐረር ሲኬድ በሚያጋጥመው በካራማራ ቁልቁለት ላይ፣ ዝናብ ባረጠበው አስፋልት፣ ሾፌሩ ፍሬን በረገጠ ጊዜ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ሊታሰሩና የመኪናዪቱ ኋላ ወደ ፊት ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ይህ መቆጣጠሪያ ከአዲሱ ከፍታ ጋር ሳይስተካከል መኪናዪቱ ከጋራዥ መውጣት የለባትም።

ፊት ለፊቱም የራሱ ጣጣ አለው። መኪናዪቱ ዝቅ ስትል የፊት ጎማዎች አናታቸው ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ አላይመንት ካልተሠራላትም ጎማው በአንድ ጎኑ ተበልቶ ያልቃል። ሰፊ ቸርኬ የተጨመረላት እንደ ሆነ ደግሞ መሪው ሲታጠፍ ጎማው ፓራፋንጎውን ይፍቃል።

ታዲያ ልኩ እንዴት ይታወቃል? መኪናዪቱ ቆማ ሳለች በሜትር መለካት አይበቃም። የፊቱ ሞላ ይወጣና ጎማው በክሪክ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ይገፋል፤ መሪውም ከዳር እስከ ዳር ይታጠፋል። በፓራፋንጎው ውስጥ ጥቂት ለስላሳ ጭቃ ቢለጠፍ ጎማው የነካበትን ቦታ በምልክት ያሳያል። ለኋላው ደግሞ መኪናዪቱ ዘወትር የምትሸከመው ያህል ጭነት ይጫንና ከሥሯ ገብቶ ማየት ነው፤ አክስሉ ከሻንሲው፣ የፍሬኑ ቱቦ ከጎማው፣ ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ከአካሉ ምን ያህል እንደሚርቅ ይመረመራል።

መለካት የሚገባው ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም መንገዱ ነው። በሶማሊኛ «ቶግ» ማለት በዝናብ ጊዜ የሚሞላ፣ በበጋ የሚደርቅ ወንዝ ነው። ከተማዪቱ ስሟን የወሰደችው ከዚሁ ነው። ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ያለው ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲርስ ጎማውን ይውጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ የጎማው ቦይ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በሁለት ቦዮች መካከል ያለው ጉብታ የሚነካው ዝቅ ያለችውን መኪና ሆድ ነው።

ስለዚህ መኪናውን በአስፋልት ላይ ብቻ ባዶዋን የሚነዳ ወጣት፣ በልክ ተለክቶ፣ በዐዋቂ እጅ ጥቂት ሊያወርዳት ይችላል። በእርሷ ጭነት አመላልሶ እንጀራውን የሚጋግር ግን ያችን 4 ሳንቲ ሜትር አይሽጣት። ማታ በጉድጓዱ ላይ ሲያልፍ፣ ከኋላው ጭነቱ ከጎኑም ሰው ተቀምጦ ሳለ፣ የምታድነው እርሷ ናት።