ከ12 ዓመት በኋላ ወደ ቡድኑ የተመለሰ ሯጭ፦ ተስፋው በምን ይለካል?

ይህ ጽሑፍ የተነሳው ጋዝጊብላ ከሚኖሩ አጎቴ አንድ ጥያቄ ነው። ያኔ መልስ አልነበረኝም። ዘንድሮ ስለ ስፖርት ዘገባ ስንማር ጥያቄው ተመልሶ መጣብኝና ብዕሬን አነሳሁ።

ዕለቱ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፍልሰታ ገብቷል፣ ክረምቱም ከብዷል። ቅዳሜ በመሆኑ ሞፈር የነካ ሰው ስላልነበረ ቤቱ በሰው ሞልቶ ሬድዮ ከበን ተቀምጠናል። ፓሪስ ላይ የወንዶች ማራቶን እየተሮጠ ነው። ታምራት ቶላ በ2 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሻሽሎ ሲገባ እልልታው ቀለጠ። ገዛኸኝ አበራ በ2000 ሲድኒ ላይ ካሸነፈ ወዲህ በወንዶች ማራቶን የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቃችን ነበር።

አጎቴ ግን እልልታው እንኳ ሳይበርድ «ቀነኒሳስ?» አሉ። ቆይቶ 39ኛ መውጣቱን ሰማን። ወደ እኔ ዞር አሉና «ታዲያ ለምን ወሰዱት? ቦታውን ለአንዱ ወጣት አይሰጡትም ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ሳምንቱን ሙሉ «አያ፣ ያዩታል፣ ቀነኒሳ ሜዳሊያ ያመጣል» እያልኩ ስፎክር የከረምኩት እኔ ነበርኩና አንገቴን ደፋሁ።

ታዲያ ለምን ወሰዱት?

ቀነኒሳ በቀለ ማን እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ሆኖም ነገሩን ለመረዳት ጥቂት እናስታውስ። በ2004 አቴንስ ላይ በ10 ሺህ ሜትር፣ በ2008 ቤጂንግ ላይ ደግሞ በ5 ሺህ እና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አግኝቷል። በ2012 ለንደን ላይ በ10 ሺህ ሜትር 4ኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ የኦሊምፒክ በር ተዘጋበት። ለ2016ቱ ሪዮ አልተመረጠም። በ2021 ለተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክም በምርጫው አሠራር ላይ ክርክር ተነስቶ ሳይሰለፍ ቀረ። ስለዚህ ፓሪስ ላይ ሲቆም ከኦሊምፒክ ቡድን ከተለየ 12 ዓመት ሆኖት ነበር። ዕድሜውም 42 ደርሷል።

መቼም ሰው በዝና ብቻ አይመረጥም። በታኅሣሥ 2023 ቫሌንሺያ ላይ 2፡04፡19 ሮጦ 4ኛ ወጥቷል። በሚያዝያ 2024 ደግሞ ለንደን ላይ 2፡04፡15 ገብቶ 2ኛ ሆነ። ከአሸናፊው የተለየው በ14 ሰከንድ ብቻ ነው። ከ40 ዓመት በላይ ላሉ ሯጮች ይህ ፈጣኑ ሰዓት ነበር። ይህን የሰዓት ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው «አርጅተሃል፣ ተመለስ» ማለት ለማንም ይከብዳል። እኔም የፎከርኩት ይህንኑ ይዤ ነበር።

ዕድሜ ምን ይወስዳል?

ብዙዎቻችን ዕድሜ ሁሉንም ነገር እኩል የሚቀንስ ይመስለናል። ግን እንደዚያ አይደለም። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ከፍተኛው የልብ ምቱ ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት ልብ በአንድ ደቂቃ ወደ ጡንቻ የሚያደርሰው ኦክስጅን ያንሳል። ጡንቻውም በድንገት የመፈትለክ ኃይሉን ያጣል። ለዚህ ነው የ10 ሺህ ሜትር ንጉሥ የነበረ ሰው የመጨረሻዋን ዙር እንደ ድሮው መብረር የማይችለው።

በአንጻሩ በእኩል ፍጥነት ረጅም ርቀት የመጓዝ አቅም ቶሎ አይከዳም። የብዙ ዓመት ልምምድ ያለው ሯጭ በየእርምጃው ጉልበት መቆጠብ ያውቃል። ቀነኒሳም በ2019 በርሊን ላይ የገባበት 2፡01፡41 በጊዜው ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን በ2 ሰከንድ ብቻ የዘገየ ነበር። ያኔ ዕድሜው 37 ነው።

ዕድሜ አጥብቆ የሚይዘው ሌላ ነገር ማገገም ነው። የተጎዳ ጡንቻና ጅማት እንደ ልጅነት ቶሎ አይጠገንም። በተለይ ቁልቁለት ክፉ ነው። ቁልቁል ስንሮጥ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነታችንን ለመግታት ይታገላል፤ በዚህ ጊዜ በጥቃቅኑ ይጎዳል። የዋግ ሰው ይህን ከእኔ መማር አያሻውም። ከገበያ ሲመለስ ዳገቱ ትንፋሽ ቢያሳጣውም በማግሥቱ የሚያሳክመው ቁልቁለቱ እንደሆነ ያውቀዋል።

ሁለት መንገድ፣ ሁለት ውጤት

እኔ ያልተመለከትኩት ነገር እዚህ ላይ ነው። በርሊን፣ ቫሌንሺያና ለንደን ብዙ ዳገት የሌለባቸው መንገዶች ናቸው። በርሊንና ቫሌንሺያ ላይ ደግሞ በተወሰነ ፍጥነት የሚመሩ አሯሯጮች አሉ። የፓሪሱ ኦሊምፒክ መንገድ ግን ከከተማዋ ወደ ቬርሳይ ወጥቶ የሚመለስ፣ ዳገቱ ቢደመር ከ430 ሜትር የሚበልጥ፣ አንዳንድ ቦታም ከ13 በመቶ በላይ ቀጥ የሚል ነው። ዳገቱን የወጣ ሁሉ ቁልቁለቱንም ይወርዳል። አሯሯጭም የለም። ሯጮቹ እየተጠባበቁ ሄደው ድንገት ፍጥነት ይቀይራሉ። ሲጠቃለል፣ ዕድሜ የወሰደውን ነገር ሁሉ የሚጠይቅ መንገድ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን ኒው ዮርክ ነው። የኒው ዮርክ ማራቶንም ድልድይና ዳገት የበዛበትና አሯሯጭ የሌለው ውድድር ነው። ቀነኒሳ በ2021 እዚያ ሲሮጥ 2፡12፡52 ገብቶ 6ኛ ወጣ። እርግጥ ከስድስት ሳምንት በፊት በርሊን ላይ ሮጦ ስለነበር ድካሙም ሳይኖር አይቀርም። ፓሪስ ላይ የገባው ደግሞ 2፡12፡24 ነው። የሁለቱ ልዩነት 28 ሰከንድ ብቻ ነው! ታምራት ቶላ ግን በ2023 በዚያው በኒው ዮርክ 2፡04፡58 ሮጦ የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸንፏል።

የሚገርመው ታምራት በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ተጠባባቂ ነበር። የተመረጡት ሲሳይ ለማ፣ ደሬሳ ገለታ እና ቀነኒሳ ነበሩ። ሲሳይ ጉዳት ስለደረሰበት ውድድሩ ሲቃረብ ታምራት ተተካ። ባይተካ ኖሮ ወርቁን ያመጣው ሰው ሩጫውን እንደ እኛ ከዳር ሆኖ በተከታተለው ነበር። የአጎቴ ጥያቄ የዋዛ እንዳልነበረ የገባኝ ይህን ሳነብ ነው።

ዕድሜ ብቻውን መልስ ነውን?

እንደኔ አይደለም። ማሞ ወልዴ በ1968 ሜክሲኮ ላይ በ36 ዓመቱ የማራቶን ወርቅ ካገኘ በኋላ በ1972 ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ተመልሶ ነሐስ አምጥቷል። ፖርቱጋላዊው ካርሎስ ሎፔዝ በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ በ37 ዓመቱ ወርቅ ወስዷል። በዚያው በፓሪስ ደግሞ ከቀነኒሳ በዕድሜ የሚያንሰው፣ ሁለት ጊዜ ተከታታይ የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ 30 ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ አቋርጧል። ስለዚህ «ስንት ዓመቱ ነው?» ከሚለው ይልቅ «ዕድሜው የወሰደበት ምንድን ነው? ይህ ውድድርስ የሚጠይቀው ያንን ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ወደ ቀድሞ ቡድኑ ለሚመለስ ለማንኛውም አንጋፋ፣ ለእግር ኳስ ተጫዋችም ቢሆን፣ ይህ ጥያቄ ይሠራል።

ባለፈው እረፍት አገር ቤት ስሄድ ይህንኑ ለአጎቴ አስረዳኋቸው። ጸጥ ብለው አዳመጡኝና «ያረጀ በሬም እኮ ሜዳውን አሳምሮ ያርሳል። ዳገት ላይ የጠመደው ሰው ነው የሚጠየቀው» አሉ። እኔ ገጽ የሞላሁበትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

ለእኛ ለነገዎቹ ጋዜጠኞች የሚቀረው ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል። እኔ በፍቅር ብቻ «ያሸንፋል» ብዬ ነበር። 39ኛ ሲወጣ ደግሞ «አበቃለት» ለማለት የቸኮሉ ነበሩ። ሁለታችንም መንገዱን አላየንም። ሰውየው ከአራት ወር በፊት ለንደን ላይ 2ኛ የወጣው ያው ሰው ነው፤ የተለወጠው መንገዱ ነው። ደግሞም ኪፕቾጌ ባቋረጠበት ቀን እሱ እስከ መጨረሻው ሮጦ ገብቷል። ይህም ከዜናው መጉደል የለበትም።