በነሐሴ ማብቂያ ዝናቡ ሲያባራ

በነሐሴ ማብቂያ በጣና ዙሪያ ሰማዩ ለሳምንት ያህል ብራ ሆኖ ፀሐይዋ ከወትሮው ስትከር ወሬ ቶሎ ይነሳል። ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ፣ ከመራዊ እስከ ወረታ «ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ወጣ» ይባላል። ወሬው ገበያ ሲደርስ ደግሞ እህል ያለው ጎተራውን ይዘጋል፣ የሌለው ይደነግጣል። እኔ የምሟገተው እንዲህ ብዬ ነው፦ በዚህ ወቅት የመጣ ደረቅና ሞቃት ሳምንት ብቻውን የክረምት መውጫ ምልክት አይደለም፤ ጉዳቱም የሚመዘነው አፈሩ ምን ያህል ውሃ እንደያዘና ሰብሉ ምን ደረጃ ላይ እንደደረሰ ታይቶ ነው።

ከሙቀቱ ልጀምር፤ ሰውን ቶሎ የሚያሳስተው እሱ ነውና። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። እዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀትር አናት ላይ ትቆማለች፦ አንዴ በሚያዝያ አጋማሽ፣ ሁለተኛ በነሐሴ አጋማሽ፣ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ገደማ። የፀሐይዋ ከፍታ እኩል ሆኖ ሳለ የሚያዝያ ቀን ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ የነሐሴ ቀን ከ24 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ልዩነቱን የፈጠሩት ደመናውና የረጠበው መሬት ናቸው። ደመናው ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሳል፤ አልፎ የመጣው ኃይልም አብዛኛው ውሃ በማትነን ያልቃል። ደመናው ለጥቂት ቀን ገለል ሲል እንግዲህ ያቺው የአናት ፀሐይ ትገለጣለች፣ ቀኑም ወደ 27 ወይም 28 ዲግሪ ቢወጣ አያስገርምም። ክረምትን የሚያስወጣው ግን ሌላ ነው። ዝናብ አምጪው የነፋሳት መገናኛ ቀጠና ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ፣ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥብ አየርም በምሥራቅና በሰሜን ምሥራቁ ደረቅ ነፋስ ሲተካ ያኔ ክረምቱ ወጣ ይባላል። ይህ በእኛ አካባቢ በአብዛኛው ከመስከረም አጋማሽ በኋላ የሚሆን ነገር ነው። ነፋሱ ሳይዞር እርጥበቱ ለቀናት ቢላላ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

«ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ይባል የለም ወይ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። አባባሉ የክረምቱ ጭለማና ጎርፍ ማለፉን ሲናገር ልክ ነው፤ የዝናቡ ማብቂያ አድርገን ከወሰድነው ግን መዝገቡ አይደግፈውም። ባሕር ዳር በፈረንጆቹ ኦገስት ወደ 400 ሚሊ ሜትር፣ በሴፕቴምበር ደግሞ የዚያን ግማሽ፣ ወደ 200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠርም ክረምትን የሚዘጋው መስከረም 25 ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ትንበያውን ለማንበብም ይጠቅሙናል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአስር ቀኑ በሚያወጣው መግለጫ ዝናቡን ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች ብሎ ይመድበዋል። «ከመደበኛ በታች» ሲባል ብዙ ሰው የሚሰማው «ድርቅ» ተብሎ ነው። እስቲ እናስላው። ነሐሴ ላይ ባሕር ዳር በአስር ቀን በአማካይ 130 ሚሊ ሜትር ያህል ትጠብቃለች፤ በማደግ ላይ ያለ ሰብል በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ በአስር ቀን ቢበዛ 50 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። የነሐሴ ዝናብ በግማሽ ቢቀንስ እንኳ ወደ 65 ሚሊ ሜትር ይቀራል፤ ከፊሉ በጎርፍ ቢሄድም ሰብሉን አያስጠማም። በመስከረም ግን መደበኛው ራሱ በአስር ቀን 65 አካባቢ ስለሆነ፣ ግማሹ ሲጎድል ሰብሉ ከአፈሩ ተቀማጭ መብላት ይጀምራል። ያው «ከመደበኛ በታች» የሚለው ምድብ በሁለቱ ወራት የተለያየ ጉዳት ይዞ ይመጣል ማለት ነው።

ተቀማጩ ደግሞ ከማሳ ማሳ ይለያያል፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ጥልቅ ዋልካ መሬት በአንድ ሜትር ውስጥ ሰብል ሊጠቀምበት የሚችል ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ ውሃ ይይዛል። ሙሉ ሆኖ ከተገኘ ዝናብ አልባ ሳምንት የሚወስድበት ሲሶውን ያህል ነው። እንዲያውም በዋልካ ላይ ያለ ገበሬ በሐምሌና በነሐሴ የሚታገለው ከውሃ መብዛት ጋር ነው፤ በማሳው ላይ ፈሰስ የሚያወጣውም ለዚሁ ነው። ለእሱ ብራ ሳምንት የጤፍ አረም ማረሚያና የሥር መተንፈሻ ነው። በፎገራ ሜዳ ላይም የርብና የጉማራ ወንዞች ከአልጋቸው ሲወጡ ምን እንደሚያደርሱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ታይቷል፤ እዚያ ጥቂት ደረቅ ቀናት እፎይታ ናቸው። ተዳፋት ላይ ያለው ጭንጫ መሬት ግን ሌላ ታሪክ ነው። አፈሩ ስስ ስለሆነ ሐምሌን ሙሉ ቢዘንብበት ውሃው አልፎት ይሄዳል፣ በአምስት ስድስት ቀን ፀሐይም ሰብሉ ቀትር ላይ ቅጠሉን ይጠቀልላል። በሜጫና በአቸፈር ያለው በቆሎ ደግሞ አበባና ጸጉር የሚያወጣው በዚሁ ሰሞን ነው። በእነዚያ ቀናት ውሃ የጠማው በቆሎ ኋላ የፈለገውን ያህል ቢዘንብለት ያልተዳቀለ ፍሬውን አይተካም። ዳጉሳ የተሻለ ይታገሳል። ስለዚህ ስለ ወረዳ አጠቃላይ ሁኔታ የሚነገር ወሬ ለማንም አይጠቅምም፤ አንዱ ቀበሌ ውስጥ ዋልካው ሲደላው ጭንጫው ሊነድ ይችላል።

«ስልኬ ለሳምንቱ ዜሮ ዝናብ ያሳያል» የሚል ክርክርም አለ። የስልኩ ትንበያ የሚመጣው ዓለምን በሰፋፊ ካሬዎች ከሚከፍል ስሌት ነው፤ ጣና የሚፈጥረውን የአየር ዝውውር በደንብ አያየውም። ቀን የብሱ ሲሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ መሬት ይነፍስና ደመናው ደቡብ ተራሮች ላይ ይቆለላል። ሌሊት የብሱ ሲቀዘቅዝ ነፋሱ ተገልብጦ ወደ ሞቃቱ ሐይቅ ይወርዳል። በተራሮቹ ከሰዓት በኋላ፣ በሐይቁ ዳርቻ ግን ሌሊት የሚዘንበው በዚህ ምክንያት ነው። ቀኑን ሙሉ ብራ የዋለ የባሕር ዳር ሰማይ ማታውን ምን እንዳደረገ ሳይታወቅ «ደረቅ» ሊባል አይገባም።

የዓባይን ፏፏቴ፣ ጢስ እሳትን፣ እንደ ዝናብ መለኪያ የሚያዩም አሉ፤ ፏፏቴው ሲቀጥን ክረምቱ የከዳ ይመስላቸዋል። ወደ ፏፏቴው የሚሄደውን ውሃ የሚወስነው ከሐይቁ መውጫ ላይ ያለው የጨረጨራ ግድብ ነው። ከዚያም ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ጢስ ዓባይ አንድ፣ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ጢስ ዓባይ ሁለት የተባሉት የኃይል ማመንጫዎች ከወንዙ ሲወስዱ ቆይተዋል፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የበለስ ኃይል ማመንጫ ከራሱ ከሐይቁ በዋሻ ይቀዳል። የፏፏቴው ውፍረት የበሮቹን አሠራር እንጂ የሳምንቱን ሰማይ አይናገርም። ሐይቁም ቢሆን በፀሐያማ ሳምንት በትነት የሚያጣው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በዚህ ወቅት ያንን ይተካሉ። ጣና ከፍተኛ ደረጃው ላይ የሚደርሰውም ዝናቡ ከበረደ በኋላ፣ በመስከረም ነው።

ከሁሉ ጠንካራው ተቃውሞ «በ2007 ዓ.ም.ም እንዲሁ አትደንግጡ ተብሎ ነበር» የሚለው ነው። አቀልለው ዘንድ አልደፍርም። በዚያ ክረምት ኤልኒኖ ዝናቡን አዛብቶ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆኗል፤ ጉዳቱም በአማራ ክልል የከፋው በምሥራቁ፣ በዋግ ኽምራና በወሎ ነበር። ነገር ግን ያ ዓመት የተበላሸው በአንድ ሳምንት ብራ አይደለም። ዝናቡ ዘግይቶ ገባ፣ መሃል ላይ ደጋግሞ ተቋረጠ፣ አፈሩ ተቀማጭ ሳይዝ መስከረም ደረሰ። ሰኔና ሐምሌ በደንብ ከዘነበ የነሐሴው መቋረጥ ከጭንጫው መሬት በቀር ጥርስ የለውም፤ ሰኔና ሐምሌ ከጎደሉ ግን ያው ሳምንት አደገኛ ነው፣ ያኔ መጮህ ተገቢ ነው። ሁለት ተከታታይ የአስር ቀን መግለጫዎች ጉድለት ካሳዩ እኔም ሐሳቤን እለውጣለሁ።

ከሰብሉ ይልቅ በእንዲህ ያለ ሳምንት የሚያሰጋኝ ወባ ነው። ከባድ ዝናብ የትንኝ እጭን ከኩሬው ጠርጎ ይወስዳል፤ ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ ስትወጣ ግን ውሃው ረግቶ ይሞቃል፣ እጩም ቶሎ ያድጋል። የወባው ወቅት ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ስለዚህ በብራው ቀናት የቤታችሁን አካባቢ ኩሬዎች አፍስሱ፣ የተቀደደ አጎበር ስፉ። በደረቀ አፈር ላይ ዩሪያ አትበትኑ፤ በሙቀቱ ወደ አየር ይበንባችኋል፣ ካፊያ እስኪመጣ ጠብቁ። ዋልካ ያላችሁ የሽምብራና የጓያ ዘራችሁን ከወዲሁ አዘጋጁ። ጭንጫ ላይ በቆሎው ቅጠሉን ጠቅልሎ ካያችሁ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ በዚያው ሳምንት አሳዩት፤ ዝናቡ እስኪመለስ አትጠብቁ።