ባቲ፦ ከተማም ቅኝትም
ባቲ፣ መቀመጫው ከሚሴ በሆነው የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የምትገኝ ከተማ ናት። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ስትሆን፣ በሰኞ ገበያዋ የደጋው ገበሬ እህሉን፣ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ይገናኛል።

ሙዚቀኛ ዘንድ ግን ስሙ ሌላ ትርጉም አለው። ባቲ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን አንዱ ነው። ፒያኖ ላይ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶልና ሲን ብቻ ብትነኩ ባቲ ሜጀርን ትሰማላችሁ፤ ሚና ሲ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ደግሞ ባቲ ማይነር ይሆናል። ክራር ተጫዋች «ባቲ ቃኝልን» ሲባል መንገድ አይጠይቅም፤ ጅማቶቹን አንዱን ወጠር፣ ሌላውን ላላ ያደርጋል።

አምባሰልም እንዲሁ የወሎ ቦታና የቅኝት ስም ነው። የቀሩትን ሁለት ቅኝቶች፣ ትዝታንና አንቺሆዬን ግን ካርታ ላይ አትፈልጓቸው።