የዕጣን ዛፍ

በዋግ ምድር ከሰቆጣና ከፃግብጂ ተራሮች በበጋ ወራት ወደ ተከዜ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ፣ አፈሩ ታጥቦ ዐለቱ ባገጠጠበት ተዳፋት ላይ ቅጠል የሌለው፣ ቅርፊቱም እንደ አሮጌ ብራና እየተላጠ የሚረግፍ ዛፍ ቢያይ፣ ደርቋል ብሎ ያልፈው ይሆናል፤ ዳሩ ግን በቤተ መቅደስ ከጽናው የሚያርገው፣ በየቤቱም ከቡናው ጋራ የሚጤሰው ዕጣን ከዚሁ ዕርቃኑን ከቆመው ዛፍ የሚገኝ ነው።

የዕፀዋት ሊቃውንት ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ የሚሉት ይህ ዛፍ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ950 እስከ 1800 ሜትር በሚደርስ ሞቃት ቆላ፣ ሌላው ተክል በሚሰንፍበት ጭንጫ መሬት ይበቅላል፤ ቁመቱም እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ክረምት ሲገባ ቅጠል ያወጣል፣ ዝናሙ ሲያቆም ያራግፋል፤ አበባውን ግን በበጋ፣ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ ስለሚያወጣ፣ ሌላ አበባ በጠፋበት ወራት ለንብ ቀለብ ይሆናታል፤ ቅጠሉንም ፍየሎች ይመገቡታል።

ከጥቅምት እስከ ሰኔ ድረስ ዕጣን ለቃሚው ሚንጋፍ በሚባል ስለታም መሣሪያ ቅርፊቱን በጥቂቱ ይልጠዋል፤ ዛፉም ቁስሉን ሊሸፍን ነጭ ሙጫ ያፈሳል፤ ሙጫው በነፋስ ከደረቀ በኋላ፣ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ይለቀማል፤ ቁስሉም በመጠኑ እየሰፋ ይታደሳል፤ ይህም በአንድ በጋ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይደጋገማል። እንግዲህ ለሰው የቅዳሴ መዓዛ የሆነው ለዛፉ የቁስሉ መድኃኒት ነበረ፤ ስለዚህም ያለ ዕረፍት የሚቆስል ዛፍ ለፍሬው የሚሆነውን ኃይል በሙጫው ያጠፋዋል፣ ዘሩም ቁጥሩ ያንሳል፣ የመብቀል ኃይሉም ይደክማል።

በዚህ ላይ እሳት፣ የከብት ግጦሽና ግንዱን የሚቦረቡር ጥንዚዛ ተጨምረው፣ በብዙ ሥፍራ አረጋውያኑ ዛፎች ብቻ ቀርተው ተተኪ ችግኝ አይታይም፤ በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣ ጥናትም፣ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ የዕጣኑ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ አስታውቋል።

መፍትሔው ግን ከሰው ዐቅም በላይ አይደለም፤ የቆሰለውን ዛፍ ለጥቂት ዓመታት ማሳረፍ፣ ሥፍራውን ከእሳትና ከከብት መከለል፣ ሥር የሚሰድ ወፍራም ቅርንጫፉንም ቆርጦ መትከል ነው። በየደብሩ ጽድና ወይራን ሲጠብቁ የኖሩ የዋግ ካህናትና ምእመናን፣ ዕጣን የሚሰጣቸውንም ዛፍ በዚያው ሥርዓት ሊጠብቁት ይገባል።