ከማግነም ሪቮልቨርና ጥይትን በቤት ከመሙላት ጋር የተያያዙ የጤና ችግሮች

መግቢያ

አንድ የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ ለወራት የቆየ ድካም፣ የሆድ ቁርጠትና ድርቀት እንዲሁም በቅርቡ የታወቀ የደም ግፊት ይዞት ወደ ሐኪም ቢቀርብ፣ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ ጨጓራ፣ ስለ ስኳር ሕመም ወይም ስለ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ የቢሮ ሠራተኛ መሆኑን ይናገራል፤ በዚሁም ጥያቄው ይቋጫል። በትርፍ ጊዜው ምን እንደሚሠራ ቢጠየቅ ኖሮ ግን፣ በየሳምንቱ መጨረሻ በመኪና ማቆሚያ ክፍሉ ውስጥ እርሳስ እያቀለጠ ለትልቁ ሽጉጡ ጥይት እንደሚያዘጋጅ ይገልጽ ነበር። ይህ ታካሚ ለማስረዳት ያህል የቀረበ ምሳሌ ነው፤ የሚያመለክተው ችግር ግን በሕክምናው ዓለም በሚገባ የታወቀ ነው።

በዩናይትድ ስቴትስ ይህ ተግባር ሕጋዊና የቆየ የትርፍ ጊዜ ልማድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ልማዱን ለማውገዝ ወይም ለማወደስ ሳይሆን፣ በዚያ አገር የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች በየዕለቱ ከሚያገኟቸው ታካሚዎች መካከል ችግሩን ለይተው እንዲያውቁ፣ በአገር ቤት ያሉትም ከዚሁ እንዲገነዘቡ የሚገባቸውን ነጥብ ለማሳየት ነው።

መሣሪያውና ልማዱ

ሪቮልቨር ጥይቶቹን የሚጎርሰው በተሽከርካሪ ከበሮ ውስጥ ነው። «ማግነም» የሚለው ስያሜ ከተለመደው ጥይት የበለጠ ባሩድና ግፊት ያለውን ጥይት ያመለክታል። የመጀመሪያው የታወቀ የሪቮልቨር ማግነም፣ .357 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ወጣ። የአይዳሆው ከብት አርቢና ጸሐፊ ኤልመር ኪት በገዛ እጁ እየሞላ ባደረጋቸው ሙከራዎች መነሻነት ደግሞ .44 ማግነም እ.ኤ.አ. በ1955 ለገበያ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2003 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሠራው .500 ማግነም 12.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው እርሳስ የሚተኩስ ሲሆን፣ ከባድ ጥይቶቹ ከ3,000 ጁል በላይ ኃይል አላቸው። ይህም .44 ማግነም ካለው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው።

የእነዚህ ጥይቶች ዋጋ ውድ ስለሆነ ብዙ ባለቤቶች የተተኮሰውን ቀለሃ እየሰበሰቡ እንደገና ይሞሉታል። በመጀመሪያ ያገለገለውን መለኮሻ ያወጣሉ፤ ቀለሃውንም በሚንቀጠቀጥ ዕቃ ውስጥ ከተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ጋር አድርገው ያጸዱታል። ከዚያም አዲስ መለኮሻ፣ ባሩድና እርሳስ ይገጥሙለታል። አንዳንዶች እርሳሱንም ራሳቸው አቅልጠው በቅርጽ ያወጣሉ። መሣሪያውንም እንደ ፍላጎታቸው ያስተካክላሉ፤ እጀታውን ይቀይራሉ፣ አፈሙዙን ያሳጥራሉ፣ የርግጫ መቀነሻ ይገጥማሉ፣ ቃታውን ያለሰልሳሉ። ከእነዚህ እርምጃዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የጤና መዘዝ አላቸው።

የእርሳስ መመረዝ

ተኳሹ እርሳስ የሚያገኘው ከሚወነጨፈው ጥይት ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በአብዛኛው መለኮሻ ውስጥ ሌድ ስቲፍኔት የሚባል የእርሳስ ውሕድ አለ፤ ሲነድም በዓይን የማይታይ ደቃቅ ብናኝ ይሆናል። በሪቮልቨር ከበሮና በአፈሙዙ መነሻ መካከል ጠባብ ክፍተት ስላለ፣ የዚህ ብናኝ ከፊሉ የሚወጣው ከተኳሹ ፊት አጠገብ ነው።

ጥይት በሚሞላው ሰው ላይ ይህ ይደራረባል። ያገለገሉ ቀለሃዎች የጸዱበት የቆረቆንዳ ዱቄት ከመለኮሻው የቀረውን እርሳስ ያጠራቅማል፤ ደረቁን ዱቄት ማበጠር ወይም መድፋት አደገኛ አቧራ ያስነሳል። እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ በተለመደው የማቅለጫ ሙቀት የሚወጣው ተን ብዙ አይደለም። ዋናው ችግር ከላዩ የሚገፈፈው ዝቃጭ አቧራ፣ የእጅ መበከልና በሥራው ቦታ መብላት፣ መጠጣትና ማጨስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 በተኩስ መለማመጃ ቦታዎች ስላለው የእርሳስ ተጋላጭነት የወጣ ዓለም አቀፍ ግምገማ 36 ጽሑፎችን የመረመረ ሲሆን፣ 31 የሚሆኑት ከ10 ማይክሮግራም በዴሲሊትር በላይ የሆነ የደም እርሳስ መጠን መዝግበዋል። በ15ቱ ደግሞ ከ40 በላይ የደረሱ ሰዎች ተገኝተዋል። ለንጽጽር ያህል፣ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መጠኑ 5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ምንጩ ተፈልጎ ተጋላጭነቱ እንዲቋረጥ ይመክራል።

በጎልማሶች ላይ ምልክቶቹ ድካም፣ ራስ ምታት፣ ቁጡነት፣ የማስታወስ ችግር፣ የሆድ ቁርጠት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የደም ማነስ፣ የኩላሊት ድክመትና የወንድ ዘር መቀነስ ናቸው። አንዳቸውም ለእርሳስ ብቻ የተለዩ ስላልሆኑ ያልተጠረጠረ መመረዝ በቀላሉ ያልፋል። መደበኛ የደም ቆጠራም የተስተካከለ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ አስተማማኙ ምርመራ የደም እርሳስ ልኬት ነው።

በደም ውስጥ ያለው እርሳስ በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። በጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ግን በአጥንት ተከማችቶ ለዓሥርተ ዓመታት ይቆያል። በዚህም ምክንያት ለዓመታት የተጋለጠ ሰው ልማዱን ካቆመ በኋላ መጠኑ የሚወርደው በዝግታ ነው። ዋናው ሕክምና ተጋላጭነትን ማቋረጥ ነው። እርሳስን ከሰውነት የሚያስወጡ መድኃኒቶች የሚታሰቡት መጠኑ በጣም ከፍ ሲል ወይም ከባድ ምልክት ሲኖር፣ በባለሙያ ምክር ብቻ ነው። ታካሚው እርሳስ እያቀለጠ መድኃኒቱን መስጠት ግን ከንቱ ድካም ነው።

ጆሮ

የዩናይትድ ስቴትስ የሥራ ደኅንነት ደንብ ለድንገተኛ ድምፅ ያስቀመጠው ጣሪያ 140 ዴሲቤል ነው። የማግነም ሪቮልቨር ድምፅ ከ160 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። ዴሲቤል የሚቆጠረው በሎጋሪዝም ስለሆነ የ20 ዴሲቤል ልዩነት ማለት የአየር ግፊቱ ዓሥር እጥፍ ነው ማለት ነው። ጆሮውን ያልሸፈነ ሰው በአንድ ተኩስ ብቻ ዘላቂ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል፤ የሞቱት ፀጉር መሰል የኮክሊያ ሕዋሳት አይተኩምና።

አፈሙዝን ማሳጠር ፍንዳታውን ወደ ተኳሹ ያቀርበዋል። የርግጫ መቀነሻም እጅን ሲያሳርፍ ጋዙን ወደ ጎንና ወደ ላይ ስለሚመልሰው፣ የተኳሹንና አጠገቡ የቆመውን ሰው ጆሮ ይጎዳል። ስለዚህ የጆሮ ውስጥ መድፈኛና ከላይ የሚደረግ መሸፈኛ በአንድነት ሊደረጉ ይገባል። ሁለቱ ተደምረው የሚሰጡት ጥበቃ የቁጥራቸውን ድምር ያህል ሳይሆን ከተሻለው ከአንደኛው በ5 ዴሲቤል ገደማ የሚበልጥ ቢሆንም፣ በዚህ ደረጃ ላይ ይህም ዋጋ አለው። በመስሚያ ምርመራ ላይ ከ3,000 እስከ 6,000 ኸርዝ መካከል ያለ ስርጉድ፣ በ8,000 ኸርዝ ደግሞ መሻሻል ከታየ ስለ ተኩስ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከተኩስ በኋላ የማይጠፋ የጆሮ ጩኸት ወይም ድንገተኛ የመስማት መቀነስ ያለበት ታካሚ ሳይዘገይ ወደ ጆሮ ሐኪም ሊላክ ይገባል።

እጅና አንጓ

ተደጋጋሚ ርግጫ የእጅ አንጓን፣ የአውራ ጣት ሥርንና ክርንን ያሳምማል፤ በአውራ ጣት፣ በጠቋሚና በመሃል ጣት ላይም መደንዘዝ ሊያስከትል ይችላል። እዚህ ላይ አንድ የልየታ ነጥብ ማንሳት ይጠቅማል። በሚዲያን ነርቭ ላይ የሚደርስ ጫና በመደንዘዝና በሌሊት ሕመም ይጀምራል። ከባድ የእርሳስ መመረዝ ግን እጅን ወደ ላይ የሚያነሡትን ጡንቻዎች በማዳከም ያለ ብዙ መደንዘዝ አንጓን ያንጠለጥላል። በአንድ ተኳሽ ላይ ሁለቱም ሊከሠቱ ስለሚችሉ፣ ድክመቱን ሁሉ በርግጫ ማሳበብ አይገባም።

ሌላው ጉዳት ከከበሮው ክፍተት ይመጣል። ክፍተቱ ከሚሊ ሜትር ከሁለት ዓሥረኛ ባይበልጥም፣ በውስጡ የሚወጣው ጋዝ የሚነሣው ከ2,000 የከባቢ አየር በላይ ከሆነ ግፊት ነው። ሽጉጡን በሁለት እጅ ሲይዝ ጣቱን ወደ ፊት ያስጠጋ ሰው ጣቱ ሊቆረጥ ይችላል፤ በ.500 ማግነም የደረሱ እንዲህ ያሉ አደጋዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። ቁስሉ ከውጭ ትንሽ መስሎ ቢታይም ባሩድና የብረት ብናኝ ወደ ውስጥ ዘልቆ ሊሆን ስለሚችል፣ ላይ ላዩን አጥቦ ከማሰናበት ይልቅ የቴታነስ መከላከያ ሰጥቶ ወደ ቀዶ ሐኪም መላክ ይገባል።

የመሙላት ስሕተት

በአንድ ቀለሃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ባሩድ ከገባ ከበሮው ሊፈነዳ፣ የላይኛው ክፍሉም ተገንጥሎ ፊትና ዓይን ሊመታ ይችላል። ባሩድ ጨርሶ ካልገባ ደግሞ መለኮሻው ብቻውን እርሳሱን ገፍቶ አፈሙዙ ውስጥ ያስቀረዋል፤ ቀጣዩ ተኩስ አፈሙዙን ይሰነጥቃል። መሙላትም ሆነ መተኮስ ያለ መከላከያ መነጽር ሊደረግ አይገባም። ድካም ያለበት፣ መጠጥ የቀመሰ ወይም ትኩረትን የሚቀንስ መድኃኒት የጀመረ ሰው ጥይት ከመሙላት እንዲቆጠብ ሐኪሙ በግልጽ ሊነግረው ይገባል።

ቤተሰብ

የፋብሪካ ሠራተኛ በሕግ ይጠበቃል። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የዩናይትድ ስቴትስ የእርሳስ ደንብ አሠሪው የሠራተኛውን ደም እንዲያስመረምር፣ መጠኑ 60 ሲደርስም ከሥራው እንዲያርቀው ያስገድዳል። በቤቱ እርሳስ የሚያቀልጠው ሰው ግን አሠሪም ተቆጣጣሪም የለውም። ልብሱ ላይ ያለው አቧራ ደግሞ በምንጣፉ ላይ ለሚድኸው ሕፃን ይተርፋል። ለሕፃናት አእምሮ ምንም ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን አልታወቀም፤ በእርግዝና ወቅትም እርሳስ ወደ ፅንሱ ይሻገራል። ስለዚህ በአባት ደም ውስጥ እርሳስ ሲገኝ ልጆቹና ነፍሰ ጡር ባለቤቱም ሊመረመሩ ይገባል።

ለታካሚው የሚሰጠው ምክር ቀላል ነው፤ ከመኖሪያ ክፍል ውጭ በሚገባ አየር በሚንሸራሸርበት ቦታ መሥራት፣ ቀለሃን በደረቅ ዱቄት ሳይሆን በውኃ ማጽዳት፣ አቧራን በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ አለመጥረግ፣ ልብስና ጫማን ለይቶ ማጠብ፣ ከመብላት በፊት እጅንና ፊትን መታጠብ።

ከመሣሪያው ጋር የተያያዘ ሌላ ጥያቄም አለ። በዩናይትድ ስቴትስ በጦር መሣሪያ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። የመንፈስ ጭንቀት ያለበትን ታካሚ መሣሪያ በቤቱ መኖሩን፣ ተቆልፎና ከጥይቱ ተለይቶ መቀመጡን ያለ ፍርድና በአክብሮት መጠየቅ የሕክምናው አካል ነው። የለሰለሰ ቃታ ያለው መሣሪያም በልጅ ጣት በቀላሉ እንደሚተኮስ ማስታወስ ይገባል።

ለአገር ቤት ባለሙያዎች

ማግነም ሪቮልቨርና የቤት ውስጥ ጥይት መሙላት በአገራችን የተለመዱ አይደሉም። ጥይት በሰውነታቸው ውስጥ የቀረ ታካሚዎች ግን አሉን። በጡንቻ ውስጥ ተሸፍኖ የቀረ እርሳስ ብዙውን ጊዜ ጉዳት አያመጣም። በመገጣጠሚያ ውስጥ ወይም በአከርካሪ ዲስክ አጠገብ የቀረ ከሆነ ግን ፈሳሹ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፤ መመረዙም ከዓመታት በኋላ ሊገለጽ ይችላል። የቆየ የጥይት ቁስል ያለበት ሰው ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ ወይም የሆድ ቁርጠት ሲኖረው፣ ራጅ አንስቶ የጥይቱን ቦታ መመልከት ተገቢ ነው።

ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ የተዘረዘሩት ችግሮች በአብዛኛው ሊከላከሏቸው የሚቻሉ ናቸው። የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ በታሪክ ቅበላ ጊዜ ከሥራው ቀጥሎ «በትርፍ ጊዜዎ ምን ይሠራሉ? እርሳስ፣ ባሩድ ወይም ተኩስ አለበት?» ብሎ መጠየቅ ነው። በመግቢያው የተጠቀሰው ጎልማሳ ይህን ቢጠየቅ ኖሮ ምርመራው ያጥር፣ ልጆቹም በጊዜ ይጠበቁ ነበር። አሠሪ ለሌለው ሰው ተቆጣጣሪው የሐኪሙ ጥያቄ ብቻ ነው።